ለሐውልት የተሰፋ ጋዋን

«እንዳይነኩት!» አለች ጊፍቲ።

እትዬ አሳየች ምላጩን ከእጅጌው ላይ ሳያነሱ ቀና አሉ። ጊፍቲ ከክረምት ጀምሮ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ባለችው ሱቃቸው ስፌት ስትማር ቆይታለች። ይህ የመዘምራን ጋዋን ደግሞ ከአንገት እስከ ጫፍ ብቻዋን የሰፋችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። እሁድ ጓደኛዋ ፌበን ለብሳው ልትዘምር ነው።

«ስፌቱማ ያምራል» አሉ እትዬ አሳየች። «እጅጌው ግን ለሐውልት ነው የተሰፋው። ይፈታ።»

ጊፍቲ ስትናደድ መጀመሪያ የሚቀላው አፍንጫዋ ነው፤ አሁንም ቀላ። የክፍሏ ልጆች መገናኛ ሲንሸራሸሩ እሷ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅራ ከርማ፣ ሐውልት! ጋዋኑን ሳብ አድርጋ ወሰደችና ልትለካ ለመጣችው ፌበን አለበሰቻት።

«አንቺ፣ ይሄማ ቀውጢ ነው!» አለች ፌበን መስታወቱ ፊት እየተሽከረከረች። ፎቶ አነሳች።

ጊፍቲ «አዩ አይደል?» በሚል ዓይን እትዬ አሳየችን አየቻቸው።

«እስኪ ዘምሪበት፣ የኔ ልጅ» አሏት ፌበንን።

ፌበን ዘምሪ ከተባለች መቼ ትለመናለች! ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። አዝማቹ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ጋዋኑ አብሯት ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ ከዚያ ጥርርር! የቀኝ ብብቱ ተተረተረ።

«ለምን አልነገሩኝም?» ጮኸች ጊፍቲ።

«ሐውልት ነው እጁን የማያነሳው፤ ለሐውልት ነው ስልሽ ምን ያልኩሽ መሰለሽ? ስትለኪያት ለጉርድ ፎቶ እንደቆመች ቀጥ አድርገሽ አቆምሻት።»

ፌበን ሳቋን ዋጥ አደረገች። «በቃ፣ አትጨነቂ። መልሰሽ ስፊው፣ እኔም እሁድ እጄን አላነሳም። እስከ ደረቴ ብቻ። ማን ያያል?»

ይሄኛው ባሰ። ፌበን ገና አብረው ሰንበት ትምህርት ቤት ሳሉ ጀምሮ እጇን ሳታነሳ ዘምራ አታውቅም። አሁን አንድ ጨርቅ፣ ያውም ጊፍቲ የሰፋችው ጨርቅ፣ ይከልክላት?

«እጅሽን አስሬ ላዘምርሽ? ምን በደልሽኝና! አውልቂው!»

እትዬ አሳየች ብብቱ ስር ገብቶ የሚያሰፋው ቁራጭ ጨርቅ ፈልገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። ጊፍቲ ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ኩርፊያው ገና አልወጣላትም። ምላጩን አነሳች። የተቀደደውን እጅጌ ገፋ አድርጋ፣ ገና ያልተቀደደውን የግራውን መፍታት ጀመረች።