አመዳይ ያልያዘው ሲሊንደር

ቮልስዋገኗ አዲሱ ገበያ ቆመች። ሞተሯ አልጠፋም።

«ሎሚው?» አለ ጉልላት በምስጢር ቃላቸው።

«በስሏል። ላቦራቶሪው ንጹሕ ነው ብሏል፤ ከነበረበት መልሰው» አለ አለቃው ጓድ ቦጋለ፤ ለምርመራ ተወስዶ የነበረውን የሆስፒታሉን የጋዝ ሲሊንደርም አስረከበው።

ጉልላት በጉለሌው ሆስፒታል «ስብሐት» የሚባል ተላላኪ መስሎ ዶክተር የሺሀረግን ይሰልል ነበር። የእስረኞችን ቁስል ለባዕዳን ገልጣለች ተብላ ተጠርጥራለች። በዚያም ላይ «በሕፃናት ሆድ የከሰል ጭስ ትነፋለች» የሚል ጥቆማ ደርሷል።

ሐሰት ነበር። አንጀት በካሜራ ቱቦ ሲመረመር ሆድ መነፋት አለበት። «አየር እዚያው ይቀርና ሲያስለቅሳቸው ይውላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ወደ ደም ገብቶ በትንፋሽ ይወጣል። ብቻ ትንፋሻቸውን ነቅቶ መጠበቅ ነው» ብላው ነበር ዶክተሯ።

ያን ዕለት ተረኛዋ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ልጅ፣ ሕፃን ጽጌረዳ ነበረች። ጉልላት እንደ ልማዱ ሲሊንደሩን ከፈት አደረገ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ፣ ዘወትር አፉ ላይ ነጭ አመዳይ ይጋገር ነበር።

አሁን የለም።

«ዶክተር፣ ያቁሙ! ጋዙ ተለውጧል።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ሰላይ ነኝ። ያመጣሁት እኔው ነኝ።»

በጥፊ አጮለችው። «ውጣልኝ! በአየር እሠራለሁ፤ ያማታል እንጂ አትሞትም።»

ጉልላት ስልክ አንሥቶ ሥራው የተፈጸመ አስመስሎ ለቦጋለ ነገረው። «ሎሚው ተጨመቀ።»

ቦጋለ ሲደርስ፣ ጉልላት አንሶላ ወደ ተሰጣበት ጓሮ ወሰደው።

«ሲሊንደሩ ምን ነበረበት?» አለ ጉልላት።

«እውነተኛው የከሰል መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ካርቦን ሲባል ለሀገሬው ከሰል ነው፤ ማን ይጠረጥራል? ሐኪሟ በገዛ እጇ ገደለች ይባላል።»

«ሕፃኗስ? አንተ ሄሮድስ!»

«ስብከትህን ለደብርህ! አብዮት መሥዋዕት ይሻል።»

ከሕንፃው ለቅሶ ተሰማ። ጽጌረዳ ሆዷ በአየር ተነፍቶ ትጮኻለች።

ቦጋለ ሕፃኗ አለመሞቷን ሲረዳ ገረጣ።

ጉልላት ከአንሶላዎቹ ጀርባ ያስቀመጣቸው የሕሙማን ሕፃናት ወላጆች ተነሡ። ሁሉንም ሰምተዋል።

ቦጋለ ሽጉጥ መዘዘ።

ጥይቱ የጉልላትን ትከሻ በሳ። ዳግመኛ ሳይተኩስ ሸማኔው የቦጋለን ክንድ ጠመዘዘ።

ወሬው ከዊንጌት እስከ ሽሮ ሜዳ ተዳረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሐኪሟን ለመንካት የደፈረ የለም። ጉልላት ግን ተሰወረ። የስለላ መሥሪያ ቤቱም ነውሩን ሊቀብር፣ ሞቷል ብሎ እናቱን አረዳ፤ በስውርም ያሳድደው ጀመር።

በአርባው እናቱ ወይዘሮ የዓለምወርቅ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለነዳያን የተዝካር እንጀራ አደሉ። ፊቱን በነጠላ የሸፈነ ለማኝ እጁን ዘረጋ። ድምፁን ቢያሰማ፣ ከቅጥሩ ሥር የቆመው ሰላይ እናትንም ልጅንም ይዞ ይሄዳል።

«ኃይለ መለኮት እያልክ ጸልይለት» አሉት፤ «የልጄ ስመ ክርስትናው ነው።»

ራሱን ዝቅ አድርጎ እንጀራውን ተቀበለ፤ ወደ ነዳያኑም መሐል ተመለሰ።