ጉም ውስጥ የቀረ መልስ

ፊርደውስን ካኮረፍኳት ሠላሳ አንድ ክረምት ሆነ። ከሚሴ ገበያ ላይ ስንገጣጠም እሷ «አሰላሙ ዓለይኩም» ትለኛለች፤ እኔ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ያህል ከንፈሬን አንቀሳቅሼ ቲማቲሙን አገላብጣለሁ። ልጄ ኢክላስ ታፍርብኛለች።

«እማ፣ ያ ጉም እኮ ከተገፈፈ ሠላሳ ዓመት አለፈው! ፈታ በይ በቃ» ትለኛለች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ምላሷ ግን አርባ።

ዘንድሮ በሐምሌ ትምህርት ሲዘጋ ይዣት ወደ ገጠር ወጣሁ። ወንድሜ ሙህዲን ማሽላውን ሊሸለሽል ነበር። ሽልሻሎ ማለት ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በመሀሉ በሬ እየነዱ ማረስ ነው። ከኋላ እኛ እየተከተልን ደካማውን ቡቃያ እንነቅላለን፤ የተነቀለው ለከብት፣ ጠንካራው ለአጨዳ።

እርከኑ ጫፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። የጨፋ ሜዳ ውሃ ቋጥሮ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ አመድማ ሆኗል። የቦርከና ወንዝ በየት በኩል እንደሚያልፍ አይለይም። የየቤቱ ጭስ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ክዳኑ ላይ ይንፏቀቃል። ፀሐይ ካየን ስድስት ቀን ሆነን፣ ሰማዩም እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስለኛል።

«ፀሐይ የለም፣ ኔትወርክ የለም። ምን አይተሽ ነው የምትፈዥው?» አለች ኢክላስ።

ምን ብዬ ልንገራት? ሰው እንዲህ ያለውን ቀን ክፉ ቀን ይለዋል። እኔ ግን ከቀን ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ፊርደውስን ያጣኋትም እንዲህ ባለ ቀን ነው።

በኢክላስ ዕድሜ ሳለሁ እኔና ፊርደውስ ለዝናብ የምንለብሰው አንድ ገሳ ነበር፤ ግማሹ በእሷ ራስ፣ ግማሹ በእኔ። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሰን ሰባተኛ ልንገባ ነበር። ያን ክረምት የአባቴን ማሽላ ስንነቅል ጉም ወረደ። ጉም ሲወርድ አንዳችን ሌላችንን ስለማናይ እንጣራለን።

«ጅርታ?» ትለኛለች። አለሽ ወይ ማለቷ ነው።

«ጅራ!» እላታለሁ። አለሁ።

በሬውም ሰውም ጠፍቶ፣ ዓለም ላይ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ይመስለኝ ነበር። እየተጣራን፣ እየሳቅን፣ ሳናውቀው አንድ እርከን ወርደን የጎረቤታችን የአያ ቃሲም ማሳ ውስጥ ገባን። አያ ቃሲም ከሳምንት በፊት ሸልሽሎ ጠንካራውን መርጦ አስቀርቶ ነበር። እኛ እንግዲህ የተመረጠውን ነበር ስንነቅል የዋልነው።

«ያ ረቢ! ማሳዬን የሚግጠው ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ። አያ ቃሲም ክንዴን አፈፍ አደረገኝ።

«ፊርዱ! ጅርታ?» አልኩ።

«ጅርታ?» አልኩ ደግሜ። እርጥብ አፈር ላይ እየራቀ የሚሄድ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አልተጣራሁም።

አባቴ ሽማግሌ ፊት «ያጠፋችውን ራሷ ትካስ» አለ። እስከ አጨዳ የአያ ቃሲምን ማሽላ ከወፍ እንድጠብቅ ተፈረደብኝ። መስከረም ላይ ፊርደውስ ደብተሯን ታቅፋ በማማዬ ሥር አለፈች። ቀና አላለችም። በዓመቱ ልመዘገብ ስል ደግሞ «አሁንማ ትልቅ ሰው ሆነሻል» ተባልኩና ትምህርቱ እዚያው ቀረ። እሷ አስተማሪ ሆነች።

ሙህዲን ሞፈሩን እያስተካከለ አየት አደረገኝ።

«የፊርደውስ እናት እግራቸውን አሟቸዋል። ልታሸለሽልላቸው መጥታለች፤ ከእኛ በላይ ያለው እርከን ላይ ናት። መምጣትሽን ሰምታለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግላት?»

«ምንም። ተናገርኩ እንጂ።»

ረፋዱ ላይ ጉሙ ወረደ። መጀመሪያ ዛፎቹን በላ፣ ቀጥሎ በሬዎቹን፣ ቀጥሎ ሙህዲንን። የቀረችኝ አጠገቤ የቆመችው ኢክላስ ብቻ ናት። የማሽላው ቅጠል ጠብታ ያንጠባጥባል፤ ሌላ ድምፅ የለም።

ከበላያችን ግን አንድ ሰው መጣ። ኮቴው ይራመድና ይቆማል፣ ይራመድና ይቆማል።

«ሰዎች! ድንበሩ የት ጋ ነው? እርከኔን ሳልስት አልቀረሁም!»

ድምፁ ወፍሯል፤ ግን አወቅኩት።

«ዓዲላ?» አለ ድምፁ፣ አሁን ቀስ ብሎ። «ጅርታ?»

ኢክላስ ክርኔን ነካችኝ። «እማ፣ አንቺን ነው እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ መልሺላት!»

«ትጥራ። እኔም ጠርቻለሁ።»

ኢክላስ ትክ ብላ አየችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደችም።

ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። ያን ቀን ፊርደውስ መንቀሏን አቁማ «ዓዲላ፣ ይሄ ማሳ ሳሳ አላለብሽም? እውነት የእናንተ ነው?» ብላኝ ነበር። «የአባቴን ማሳ አንቺ ልታሳይኝ ነው?» ብዬ አፏን ያስዘጋኋት እኔ ነኝ። እሷ መሸሿን ለሠላሳ አንድ ዓመት አወራሁ፤ ይህቺን ግን ከአባቴም፣ ከሽማግሌዎቹም፣ ከልጄም ደበቅኳት።

«ጅርታ?» አለች ለሁለተኛ ጊዜ።

ሦስተኛ እንደማትጣራ አውቃለሁ። እኔም ያን ቀን ከሁለት በኋላ ነው ዝም ያልኩት። ኮቴዋ ተነቃነቀ፤ ወደየት እንደሆነ አልለይም።

የጨበጥኩትን ቡቃያ ጣልኩና ማሽላውን እየገለጥኩ ወደ ድንበሩ ወጣሁ። የድንበሩን ድንጋይ በእግሬ ዳብሼ አገኘሁት፤ ላዩ ላይ ቆምኩ።

«ጅራ!» አልኩ። እንደገና ጮክ ብዬ፣ «ጅራ! ድንበሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ በድምፄ ነይ!»