የቅርጫው ጠመንጃ

ጀማነህ ከሞተ ወዲህ ሚስቱ መብራት እንደ ሰው ተቀምጣ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። ከሞቱ የከፋ ነገር መጥቶባታል። ለብሩክታዊት ስትደውል ሰላምታውንም ረሳችው።

«ነገ ጠዋት ሳይፈታ ሊቀበር ነው!» አለች። «ፖሊሶቹ ጋራዡ ውስጥ በጠመንጃ ራሱን ነው ያጠፋው አሉ። ቀሲስ ገብረኪዳን ደግሞ ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም አሉኝ። ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የተመላለሰ ሰው ዝም ተብሎ አፈር ይልበስ? በማርያም ድረሽልኝ!»

«ጋራዡ ታጥቧል?»

«ኧረ ማን ችሎ ይግባበት!»

«እንዳትነኩት። መጣሁ።»

ብሩክታዊት ኮሎምበስ መሀል ከተማ በአንድ የጠበቆች ቢሮ መርማሪ ናት። ማጽናናት አይሆንላትም፤ ሰው ሲያለቅስባት ጥያቄ ትጠይቃለች። በዚህ የተነሳ ልበ ደረቅ የሚሏት ብዙ ናቸው። ይበሉ፤ ለመብራት ግን ያን ቀን አብሯት የሚያለቅስ ሰው ሞልቶላት ነበር።

ቤቱ ኒው አልባኒ መዳረሻ ላይ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ የ2021 ኖቬምበር ማለቂያ፣ የነቢያት ጾም የገባበት ሰሞን ነበር። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ ግማሹ ማስኩን አገጩ ሥር አውርዶ ያንሾካሽካል። ስለ ምን እንደሚያንሾካሽክ መጠየቅ አያሻም።

መብራት ወደ ጋራዡ ወሰደቻት። ከወጥ ቤት የሚያስወጣው በር ሥር ሲሚንቶው ጠቁሯል።

«እዚህ ነው ያገኘሁት፣ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ» አለች፣ ፍሪዘሩን ተደግፋ። «ጠመንጃው አጠገቡ ነበር። ፖሊሶቹ ሲጠይቁኝ ሁሉን ነገርኳቸው። ኮቪድ ከያዘው ወዲህ እንቅልፍ የለውም፣ ከዌርሃውሱም ሌይኦፍ ተደርጎ ሥራ ፈቷል፣ አያወራም አልኩ። እውነቱን ነው ያወራሁት። በአፌ አስፈረድኩበት!»

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ብሩክታዊት፣ ግድግዳው ሥር የወደቀ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ እያሳየች።

«አዳኞች የሚለብሱት ነው። እጁ ላይ ነበር፤ የአምቡላንስ ሰዎች ናቸው ወደዚያ የጣሉት።»

ብሩክታዊት አነሳችው። አዲስ ነው፤ የዋጋ ወረቀቱ አልተቆረጠም። ልኩ ስሞል ነው። ጀማነህ በሳሎኑ ፎቶግራፍ ላይ በሩን የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው። ምንም ሳትል መልሳ አስቀመጠችውና ጉዳዩን ለያዘው ፖሊስ ደወለች። ፖሊሱ የጠየቀችውን ሁሉ መለሰላት። ጠመንጃው ውስጥ ምንም አልተገኘም። አንድ ባዶ ቀለሃ ጋራዡ ውስጥ በቆመው መኪና ጎማ አጠገብ ወድቆ ነበር። ሁለት ያልተተኮሱ ጥይቶች ፍሪዘሩ ላይ ቆመው ነበር። የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሳምንታት ይፈጃል አላት። መብራት ግን ያላት እስከ ነገ ጠዋት ነው።

ቀጥላ ባስልዮስን ወጥ ቤት አስጠራችው። ባስልዮስ ሾርት ኖርዝ ሰፈር ምግብ ቤት ያለው፣ ከሟቹ ጋር ከስደት ካምፕ ጀምሮ የማይለያይ ወፍራም ሰው ነው።

«ጋሽ ባስልዮስ፣ ጠመንጃው የማን ነው?»

«የቅርጫ ነው፤ የእኔ፣ የጀማነህና የመብራት ወንድም የፍቅሬ። በየዓውደ ዓመቱ በሬ ገዝተን ቅርጫ እንገባ ነበር። ኮቪዱ መጣና ቄራው ተዘጋ። ጀማነህ ‹አጋዘን እንቃረጥ› አለ። ጠመንጃውንም እንደ በሬው በጋራ ገዛነው። ሻጩ ለአንድ ጠመንጃ ሦስት ሰው ሲመጣ አይቶ አያውቅም፤ ሳቀብን። አደን ሲከፈት ማን ቀድሞ ይውጣ የሚለውንም እንደ ሥጋው መደብ በዕጣ ነው የምንለየው።»

«ዘንድሮ ለማን ወጣ?»

«ለፍቅሬ። ሰኞ ሊወጣ ነበር። የአዳኞችን ኮርስ ኦንላይን ጨርሷል፤ ተኩሶ ግን አያውቅም።»

«ከጀማነህ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር ይባላል።»

ባስልዮስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በጠመንጃው ምርጫ ነዋ! አንዱ ለሁሉም ይብቃን፣ ሁለገብ ሴሚ ኦቶማቲክ ይሁን፣ እዚህ ላይ ተስማምተናል። ሻጩ ለአጋዘንም ለተርኪም ለዳክዬም ይሆናል ሲለን ጀማነህ ‹ዳክዬ ማን ይበላል?› አለው። ከዚያ ሁለት ዓይነት አወጣልን። ጀማነህና ፍቅሬ በጋዝ የሚሠራውን ወደዱ፤ ለትከሻ ይለሰልሳል። እኔ ይቆሽሻል፣ ማን ያጸዳዋል አልኩና በራሱ ርግጫ የሚሠራውን አስገዛሁ። ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል፣ በዚያው ኃይል ቀለሃውን ጥሎ ሌላ ይጎርሳል። ጀማነህ አኩርፎኝ ከረመ፤ አብረን ስንለማመድ ግን ወደደው። ፍቅሬ ሪከንባከር ኤርፖርት መጋዘን ኦቨርታይም እየገባ አንድ ቀን እንኳ አልመጣም።»

«ባዶው ቀለሃ ጎማው ሥር ነው የተገኘው።»

የባስልዮስ ፊት አመድ መሰለ። «ከጠመንጃው ወጥቶ? እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያማ...»

«ለጊዜው በሆድዎ ይያዙልኝ» አለችው።

ቀጥሎ ወጥ ቤት ያስጠራችው ፍቅሬ ከሲታ ወጣት ነው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ሺፍቴ የሌሊት ነው። እታለም ኮል አድርጋልኝ ነው የሰማሁት።»

«ቀለሃው መሬት ላይ መገኘቱ አይገርምህም?»

«ምን ይገርማል? ሴሚ ኦቶማቲክ አይደል? ሲተኮስ ራሱ ይጥለዋል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ፍሪዘሩ ላይ የነበሩትን ሁለት ጥይቶችስ ማን አወጣቸው?»

«እኔ ምን አውቄ!» ብሎ አለቀሰ። «ጋሽ ጀማነህ እንደ አባቴ ነው። ተዪኝ በቃ!»

ልቅሶው የውሸት አልነበረም። ብሩክታዊትን ያስጨነቃትም ይኸው ነው።

ቀሲስ ገብረኪዳን ወደ ማታ ሊያጽናኑ ሲመጡ ብሩክታዊት እሳቸውን፣ መብራትን፣ ባስልዮስንና ፍቅሬን ጋራዥ አስገብታ በሩን ዘጋች።

«አባታችን፣ ይህ ሰው ራሱን አላጠፋም።»

«እኔም እንዲያ ባምን ደስ ባለኝ፣ ልጄ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን በወሬ ልፍታ?»

«በወሬ አይደለም። ፖሊስ የሚለው ሰደፉን ሲሚንቶው ላይ አስደግፎ አፈሙዙን ወደ ራሱ አዞረ ነው። ጋሽ ባስልዮስ፣ ይህ ጠመንጃ ሰደፉ ደረቅ ነገር ላይ ተደግፎ ቢተኮስ ምን ይሆናል?»

«አይራገጥም። ካልተራገጠ ቀለሃውን አይጥልም። ከጀማነህ ጋር ግንድ ላይ አስደግፈን ደጋግመን ሞክረነዋል፤ ቀለሃው እዚያው ውስጥ ቀረ።»

«ይህኛው ቀለሃ ግን ወጥቶ ወድቋል። ስለዚህ ሲተኮስ ሰደፉ ሲሚንቶ ላይ አልነበረም፤ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ትከሻው ላይ ያስደገፈ ሰው ደግሞ የሚመታው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው፤ ራሱን አይመታም።»

መብራት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ኪዳነ ምሕረት! አላልኩም? አላልኩም?»

«እንግዲያ ሌላ ሰው ነበረ» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው።

«ነበረ። ያ ሰው ከካዝናው ሁለቱን ጥይቶች አውጥቶ ፍሪዘሩ ላይ አቆመ፤ ጠመንጃው የጎረሰውን ሦስተኛውን ግን አላወጣም። ጀማነህ ይህን አይስትም። ጋሽ ባስልዮስም አይስቱም። ደግሞ እሳቸው ቢሆኑ ቀለሃውን አንስተው ጠመንጃው ውስጥ ይመልሱት ነበር፤ ውጭ መገኘቱ እንደሚያጋልጥ ያውቃሉ። ያ ሰው ግን ዝም ብሎ አለፈው፤ ሁልጊዜ ይጥላል ብሎ ነው የሚያምነው። የራሱን ጠመንጃ አያውቀውም። ለብቻው የገዛ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ በቅርጫ ሲሆን አንዱ ይለማመዳል፣ ሌላው ድርሻዬ አለ ብሎ ይቀመጣል።»

ባስልዮስ ቀስ ብሎ ወደ ፍቅሬ ዞረ። ብሩክታዊት ሰደርያውን አነሳች።

«መብራትም እንዳትጠረጠር ሥራ ላይ ነበረች። ጀማነህ ሲወድቅ ደግሞ ይህ እጁ ላይ ነበር። ራሱን ሊያጠፋ የወሰነ ሰው ሰደርያ ይዞ አይወጣም። ልኩ ስሞል ነው፤ ለእሱም ለጋሽ ባስልዮስም አንድ ክንድ አያስገባም። ይዞ የወጣው ዕጣው ለወጣለት ሰው ነው። ቅዳሜ እዚህ ነበርክ፣ ፍቅሬ።»

ፍቅሬ ለመካድ አፉን ከፈተ። ከዚያ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ።

«ባዶ መስሎኝ ነው» አለ። «ለሰኞ ልወስደው መጣሁ። ‹ቆይ፣ የገዛሁልህ አለ› ብሎኝ ገባ። እኔ ማጉረስና ማውጣት እለማመድ ነበር። ሁለቱን ሳወጣ ያለቀ መሰለኝ። ትከሻዬ ላይ ልኩን ስሞክር፣ ጣቴ ምላጩ ላይ ሆኖ፣ በሩ ተከፈተ። እታለም፣ ጠራሁት! ደጋግሜ ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም። ያስሩኛል፣ አገር ይመልሱኛል ብዬ ጠመንጃውን አጠገቡ አስቀምጬ ወጣሁ።»

«ፍትሐት የለውም ሲሉኝ አጠገቤ ነበርክ» አለች መብራት። «እጄን ይዘህ።»

«ነበርኩ።»

«ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ።»

ብሩክታዊት የምትጠይቀው ጠፋት። መብራት ወደ ቄሱ ዞረች።

«አባ፣ አሁን ይፈታል?»

«ይፈታል፣ ልጄ። እኔው ራሴ እፈታዋለሁ።»

ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። ፍቅሬ እየዳኸ እግሯ ላይ ወደቀ።

«እታለም፣ ቀብሩን ብቻ ልቁም። ከቀብር መልስ ራሴ እሄዳለሁ። እስከ ነገ ብቻ ዝም በሉልኝ!»

ባስልዮስ መሬት መሬት አየ። እናትና አባታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ መብራት ከዚህ ልጅ ሌላ ወንድም የላትም። እጇ ወደ ራሱ ሊሄድ ብሎ ተመለሰ። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ፖሊስ ጠራች።

የተቀበለቻት ሴት አድራሻዋን ጠየቀቻት። ቀጥላ ተኩሷል የምትዪውን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ አለቻት።

«ወንድሜ ነው» አለች መብራት በእንግሊዝኛ። ሴትዮዋ ሌላ ነገር ጠየቀቻት፤ መብራት ግን መስማት ትታለች። እግሯ ሥር ያለውን ልጅ እያየች፣ ከዚያ ወዲያ በአማርኛ ነበር የምትናገረው።

«ዲቪውን የሞላሁለት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የሞላሁለት።»