እማማ፣ ይግቡ

«ከማል፣ ስንት ሰዓት ነው?»

የሒሳብ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው መግቢያውን ዘግተውታል። የከማል ሱሪ እስከ ጉልበቱ በበረዶ ርሷል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ፈተናው ከተጀመረ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል።

«አውቶቡስ... ሙሉ» አለ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ። ጄኔቫ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነው።

«ሙሉ?» መምህሩ ወደ ክፍሉ ዞሩ። «ዮዳሄም እንዳንተው የምትመጣው ከቬርኒየ ሰፈር ነው። በዚያው አውቶቡስ በሰዓቷ ደርሳለች። አንተ ኮሪደር ላይ ጠብቅ።»

የዮዳሄ ደም ፈላ። ማን ጠይቋት ነው ምስክር ያደረጓት?

ይባስ ብሎ አጠገቧ ጓደኛዋ ናኒ ተቀምጣለች። ናኒ ከከማል አምስት ደቂቃ ብቻ ቀድማ ነው የገባችው። «ቅዳሜና እሁድ ዙሪክ አክስቴ ጋ ነበርኩ፤ በበረዶው ምክንያት ባቡሩ ዘገየ» ብላ ባማረ ፈረንሳይኛ ስታስረዳ መምህሩ «ምንም አይደል፣ ተቀመጪ» አሏት። ዓይን ያወጣ ውሸት! ናኒ ከዙሪክ የተመለሰችው ትናንት ከሰዓት ነው። ዛሬ ጠዋት ደወሉ ሊደወል ሲል «አሁን ገና ነቃሁ፣ አለቀልኝ» ብላ ለዮዳሄ የጻፈችላት ራሷ ናት።

«ምን ሆነሻል?» አለች ናኒ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ።

«ከማል አልዋሸም። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እና? የእሱን ማጣራት ከጀመሩ የእኔንም ያጣራሉ። በናትሽ አታካብጂ!»

ምኑን አካበደችው? ጠዋት በረዶው ስለበዛ ዳገቱን መውጣት የቻለው አንድ አውቶቡስ ብቻ ነበር፤ እሱም ጢም ብሎ ሞልቷል። ዮዳሄ ከመነሻው ስለተሳፈረች ወንበር አግኝታለች። ከማል በስንት ግፊያ ገብቶ በሩ ላይ ተለጥፏል። በሩ ሊዘጋ ሲል ከዘራ የያዙ ነጭ አሮጊት እየተንሸራተቱ ደረሱ። ሾፌሩ «ቦታ የለም» ብሎ ጮኸ። ከማል ያን ጊዜ ወረደ። ክንዳቸውን ደግፎ «እማማ፣ ይግቡ» አላቸው፣ በአማርኛ። አሮጊቷ ቃሉ ባይገባቸውም ገቡ።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አማርኛው የገባት ዮዳሄ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ስልኳን ትነካካ ነበር። አሮጊቷ አጠገቧ ቆመው፣ በየመታጠፊያው እየተንገዳገዱ ሄዱ። በመስኮት ዞር ብላ ስታይ ከማል ቦርሳውን አናቱ ላይ አድርጎ በበረዶው ውስጥ ይሮጣል።

ይህን ፈተና ካላለፈ ወደ ጀማሪዎች ክፍል ይመልሱታል። በሒሳብ ደግሞ ከክፍሉ የሚደርስበት የለም! በበሩ መስታወት አየችው፤ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ስለ አሮጊቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ልንገር ቢልስ በየትኛው ፈረንሳይኛው?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል አባቷ። እስኪጠራ ግን ፈተናው ያልቃል።

ናኒ እጅጌዋን ጨምድዳ ያዘቻት። «ዮዳ፣ ጓደኛሽ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

ዮዳሄ እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ስለ ባቡሩ ምንም አትልም፤ እሱን ናኒ ራሷ ትወጣው። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች።

«ሙሲዬ፣ አውቶቡሱ እውነትም ሞልቶ ነበር» አለች። «ከማል ቦታውን ለአንዲት አሮጊት ለቆ ወረደ። እኔ በሰዓቴ የደረስኩት ተቀምጬ ነው። ወንበሬን እንኳ አልለቀቅኩላቸውም።»

መምህሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ በሩን አዩ።

«እሺ፣ ተቀመጪ» አሏት።

ዮዳሄ በሩ እስኪከፈት ድረስ አልተቀመጠችም።