የተወለወለው መጥበሻ

ብረት አቅላጩ ሽማግሌ ከቤተሰባቸው ጋር ድንኳን ተክለው ከሰፈሩበት ወንዝ ዳር፣ ከጠፋው እሳት አጠገብ፣ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው የተገኙት ጠዋት ላይ ነበር። ከራሳቸው በላይ፣ በዛፉ ቅርንጫፍ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠበሱበት ከባድ የብረት መጥበሻ ተሰቅሏል። ደረቅ ነው፣ ጥቁረቱም ያብለጨልጫል። ሬሳው ላይ ግን ነጠላ እንኳ ጣል ያደረገበት ሰው አልነበረም።

መርማሪዋ ስትደርስ ሳጅኑ በእሱ ቤት ሥራውን ጨርሷል፤ የሟችን አማች፣ የከባድ መኪና ሾፌሩን፣ በካቴና አስሮ ዛፍ ሥር አስቀምጦታል። ይህችን ሴት ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ማጅራታቸውን በሰፊና ከባድ ነገር ተመትተዋል። መጥበሻው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ማታ ከአማቻቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ሁሉም ሰምቷል። በቃ፣ አለቀ!»

«ቀስ በል፣ ሳጅን። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።»

ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሽማግሌው ባለፈው ሳምንት ማቅለጫው ውስጥ ተቃጥለው ሁለቱም መዳፎቻቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል። ፋሻውን ብዙ አየችው፤ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር። ከዚያ መጥበሻውን አውርዳ ገለበጠችው። ቂጡ ሳይቀር ስስ ዘይት ተቀብቷል። በእጀታው ጫፍ፣ መስቀያው ቀዳዳ ውስጥ፣ አንዲት ሰማያዊ ክር ተሰክታ ቀርታለች። ክሯን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

ወደ ሾፌሩ ሄደች። «ምን አጣላችሁ?»

«መጥበሻው። እጃቸው ታስሯል፣ ላግዛቸው ብዬ ከእራት በኋላ በሳሙናና በሽቦ ፈተግኩት። ሰው የሞተባቸው ነው የመሰሉት! ‹የሠላሳ ዓመት ማሟሸቴን አጥበህ ደፋኸው!› አሉኝ። እኔም ተናደድኩ፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ድንጋዩ ላይ ትቼው ድንኳኔ ገባሁ።» ዓይኑን ወደ ሌላኛው ዛፍ ላከ። «መታሰሩስ ይሁን። ሚስቴ ግን ፊቷን አዙራብኛለች።»

እውነቱን ነው። የሟች ልጅ፣ አስተማሪዋ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች።

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አለች። «ወጥቶ እንደሆነ አላውቅም። ምን ብዬ ልማልለት?»

«መጥበሻውን አንቺ ትይዢው ነበር?»

«አባቴ መች አስነክቶኝ! የሚይዙት እሱና አጎቴ ብቻ ናቸው። ማቅለጫውን ሲከፍቱ አብረው ያወጡት የመጀመሪያ ሥራቸው ነው።» እንባዋን ጠረገች። «ትናንት ምሳ ላይ ‹እጄ ደክሟል፤ ከእንግዲህ ማቅለጫውን አማቼ ይምራው› አለ። አጎቴ ተነስቶ ‹ይባርክላችሁ› ብሎ ሳመን። እንዲህ ያለ ቀን ነበር።»

የሟች ታናሽ ወንድም ዓይኑ ደም መስሏል።

«ከተጣሉ በኋላ» አለ፣ «ወንድሜ ራሱ መጥበሻውን እሳት ላይ አድርቆ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ወልውሎ ሰቀለው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ከዚያ ተኛሁ። የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።»

መርማሪዋ አመሰገነችው።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም እሳቱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ የዞረ ሰው ስላልነበረ በአንዲት ትንሽ የብረት መጥበሻ እንቁላል ጠበሰችላቸው። ሲጨርሱ መጥበሻዋን ወንዙ ውስጥ አለቅልቃ፣ ውሃዋ እየተንጠባጠበ፣ መሐላቸው ድንጋይ ላይ አኖረቻት።

«አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነበር» ብላ ጀመረች። «ሰው ገድሎ መሣሪያውን መደበቅ የፈለገ ወንዝ ውስጥ ይወረውረዋል፤ አሥር እርምጃ ነው። ይህኛው ግን ደሙን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቀብቶ ሰቀለው። ብረት በሳሙናና በሽቦ የሚፈትግ ሾፌር ይህን ከየት ያመጣዋል? ልጃቸውም አልተማረችውም።»

«ወንድሜ ነው አልኩሽ እኮ!»

«ብለውኛል። ግን የሟች ሁለቱም መዳፎች በፋሻ ታስረዋል። ዘይትና ጥላሸት የነካ ፋሻ ነጭ ሆኖ ያድራል?»

መርማሪዋ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለማያስፈልግ ነገር ሁሉ ረጋ ብላ ማውራቷን ቀጠለች። ፀሐዩ በረታ። በትንሿ መጥበሻ ዳር ያለው ውሃ በዝገት ቢጫ እያለ ሄደ። ታናሽ ወንድሙ ከዚያች ጠርዝ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። እጁ ወደ ኋላ ኪሱ ገባና ሰማያዊ እራፊ ይዞ ወጣ። መጥበሻዋን አንስቶ አበሰ፣ ፍሙ ላይ ጣደ፣ ጠብታ ዘይት አሸባት፤ ቂጧንም ቀባ። የእራፊውን ጫፍ አሹሎ በመስቀያው ቀዳዳ አሳለፈና ሳበው። ሊሰቅላት ብድግ ሲል ነው ሁሉም እንደሚያዩት ያወቀው።

መርማሪዋ ወረቀቷን ፈታች፤ ክሯ ከእራፊው ጋር አንድ ቀለም ነበረች።

ሰውየው ለመካድ እንኳ አልሞከረም። «ሠላሳ ዓመት ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሳንባዬ ያለቀው እዚያ ነው። አንድ ቀን እንኳ ‹አንተስ?› ሳይለኝ፣ ማቅለጫውን መጥበሻ በሳሙና ለሚያጥብ ሰጠው! ማታ ‹ይኸው፣ ጉድህን አየህ?› አልኩት። ‹ግዴለም፣ ይማራል› አለኝ። ለእኔ ሠላሳ ዓመት፣ ለእሱ ‹ይማራል›። መጥበሻው እጄ ላይ ነበር።»

ሳጅኑ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ከሾፌሩ ፈታ። ሚስቱ የባሏን እጅ ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን የራሱን ሰበሰበ።

«አንቺም አምነሽ ነበር» አላት በቀስታ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እሷን በአንድ ቀን ፈረሱም ጣላት፣ እሷም ሰው ጣለች። ወደ አጎቷ ዞረች።

«ምሳ ላይ ስመኸኝ ነበር።»

ሰውየው ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

«ስትመታው ወዲያው ሞተ?»

«ትንሽ… ይተነፍስ ነበር።»

«እሱ እየተነፈሰ አንተ መጥበሻ ታደርቅ ነበር?»

ሰውየው እጁ ላይ የቀረችውን ትንሿን መጥበሻ አያት፤ በአውራ ጣቱም ጠርዟን አበሰ።

«ዝገት ይበላው ነበር» አለ።