ማተብ ያሰረው ደን

እኔ ሙሉነሽ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከንፈሬን አጣምሜ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ ዛር ቢሉኝ፣ ውቃቢ ቢሉኝ፣ የደን መንፈስ ቢሉኝ «እስቲ አምጡና አሳዩኝ!» ብዬ የማፋጥጥ፣ የደን ትምህርት ተምሬ በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሥራ የያዝኩ። ዛሬም ቢሆን የሰው ወሬ አላምንም። ይሄኛውን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ምን ላድርግ?

በመንደር ምሥረታው ጊዜ ነው፣ ድብ ባሕር ከሚባለው ቦታ በላይ ያለች አንዲት የቤተ ክርስቲያን ደን ተቆርጣ ለአዲሱ መንደር ቤት መሥሪያ ትሁን ተባለ። ኃላፊያችን ጎንደር ቢሮው ተቀምጦ «ጽድ ብቻ ነው ያለው፣ ጽድ ደግሞ የትም ሞልቷል» ይላል። እኔ ደሜ ፈላ፣ «ጓድ፣ ብዙ ዓይነት ዛፍ ካለበት ለችግኝ ጣቢያችን ዘር የምንለቅምበት ሌላ ቦታ የለንም፣ ልለካው» ብዬ ድርቅ አልኩ። «ነገ ለኪ፣ በማግስቱ ጠዋት ቆራጮች ይዤ እመጣለሁ፣ ብዙ ዓይነት ካላሳየሽኝ ይቆረጣል» አለኝ። አንድ ቀን ብቻ!

ልኬቱ እንኳ ከባድ አይደለም፣ ገመድ በአራት ማዕዘን ይዘረጋል፣ ውስጡ ያለው ዛፍ በየዓይነቱ ይቆጠራል፣ ከዚያ ገመዱን ማስፋት ነው፣ አዲስ ዓይነት መምጣቱ እስኪያቆም። አንዱን ዛፍ ሁለቴ እንዳልቆጥር የራሴ ዘዴ ነበረኝ፣ ከቅዳሜ ገበያ ጥልፍ ክር ገዝቼ ለየዓይነቱ የየራሱን ቀለም አስርለታለሁ፣ ለጽድ ሰማያዊ፣ ለወይራ ቀይ፣ ለኮሶ ቢጫ። ገመዱን የያዙልኝ የደኑ ጠባቂ አያ ስማቸው ይህን ሲያዩ ሳቃቸውን አልቻሉትም።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ዛፉን ሁሉ ክርስትና ልታነሺው ነው?»

«አዎ አያ፣ እርስዎ ስም ያውጡላቸው!» አልኳቸው፣ ተሳሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ግን ጉም ወረደብን፣ የዚያን አገር ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እጅ ተዘርግቶ ጣት አይታይም። የመጀመሪያውን ካሬ እንኳ ገና አልጨረስንም። በዚህ መሀል ከደኑ ወዲያኛው ጫፍ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ መቀስ ክር ሲቆርጥ እንደሚሰማው ያለ፣ ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ ከሌላ ቦታ «ቀጭ»።

«አያ፣ ብቻዎን አይሂዱ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«ኧረ እዚሁ ነኝ» አሉኝ ከጎኔ፣ ገመዱን እንደያዙ። ያለን አንድ መቀስ ደግሞ በእኔ እጅ ነው። አያ ስማቸው አማተቡና ክንዴን ይዘው ጎትተው አወጡኝ።

እዚያው ቤታቸው አደርኩ፣ የክሩን ቦርሳ ተንተርሼ። እውነቴን ነው፣ ያስለቀሰኝ ፍርሃቱ ሳይሆን ንዴቱ ነበር፣ ደኗ በእጄ አለቀች ብዬ። አያ ስማቸው ጉንፋን ይዟቸው ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ሲያስሉ አደሩ፣ ንቅንቅ አላሉም፣ ይህን የምነግራችሁ ኋላ «ያደረጉት እሳቸው ይሆናሉ» እንዳትሉኝ ነው።

ጠዋት ጉሙ ተገፈፈ። ኃላፊው በማኪና መጣ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች መጥረቢያ ተሸክመው ተከተሉት፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ አብሬ ሄድኩ። ደኑ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ቀጥ አልን። እመኑኝ፣ ደኑ በሙሉ ክር ታስሯል! ከዳር እስከ ዳር፣ ጽዱ በሰማያዊ፣ ወይራው በቀይ፣ ያልደረስንባቸው ሎሉም፣ ጥቁር እንጨቱም፣ ዶቅማውም የየራሳቸው ቀለም፣ አንድ የተሳሳተ የለም። ቦርሳዬን ብከፍተው ክሬ ትናንት እንደተውኩት ነው።

ከቆራጮቹ ታላቅየው መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖረ። «ማተብ ባሰረ ላይ ብረት አላነሣም» አለ፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ አኖሩ።

«የምን ማተብ? ጥልፍ ክር ነው!» ኃላፊው ጮኸ።

እኔ ወዲያው ነፍስ ዘራሁ። «ልክ ነዎት ጓድ፣ የልኬት ክር ነው፣ አንዱ ቀለም አንድ ዓይነት ዛፍ ነው፣ እባክዎ ይቁጠሩ!» ብዬ ፊት ፊት መራሁት። በጣቱ መቁጠር ጀመረ፣ የሁለቱም እጁ ጣት አለቀና ላቡን ጠረገ። «ጽድ ብቻ ነው ያለኝ ማነው?» አለ፣ ያለው ራሱ ነው እኮ! «ለዘር ይቆይ» ብሎ ማኪናው ውስጥ ገባ። መንደሩ በእልልታ ተናጋ፣ እኔም አያ ስማቸውን አቅፌ እንደ ሕፃን ዘለልኩ፣ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደኗ ዛሬም አለች፣ ወደ አዲ አርቃይ ባለፍኩ ቁጥር በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «የኔ ናት!» እላለሁ፣ የፈለገ ይሳቅ።

ግን ያን ቀን ሰዉ ከተበተነ በኋላ መሀል ላይ አንድ ዛፍ አገኘሁ፣ እኔም አያ ስማቸውም ስሙን የማናውቀው፣ ክሩ የጢስ ቀለም ነው፣ እንዲህ ያለ ክር ደግሞ አልገዛሁም። ልፈታው ብል እንቢ አለኝ፣ ቀረብ ብዬ ሳየው ክሩ ቅርፊቱ ውስጥ ሰምጧል፣ ዛፉ ገና ቀጭን ሳለ የታሰረ ነው የሚመስለው። አሁን ግን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም።

ፍሬውን ለቅሜ ጎንደር ችግኝ ጣቢያችን ዘራሁት፣ ሸጋ ሆኖ በቀለ። ጉልበቴ ጋ ሲደርስ አንድ ቀን ላጠጣው ጎንበስ ብዬ ግንዱን ዳሰስኩት፣ ዙሪያውን ጎድጉዷል፣ ክር አጥብቆ የያዘው ይመስል። ክር ግን የለበትም፣ ማንም አላሰረበትም።