ሎሚና እርሾ

ርሆቦት ጌድዮንን የተዋወቀችው እያስመለሳት ነበር። በምርምር ተቋሙ ላብራቶሪ ሥራ በጀመረችበት ማለዳ የእርሾውን ጠርሙስ ስትከፍት ያ የኮመጠጠ ሽታ ሆዷን ገለባበጠው፤ ወደ ሲንኩ ሮጠች። ቀና ስትል ጋዋን የለበሰ አንድ ጠይም ወጣት ሎሚ ዘርግቶላታል።

«አሽትቺው። ከሾላ ገበያ ነው የምገዛው። እኔንም አንድ ሰሞን እንዲሁ አድርጎኛል።»

«አስጠላሁህ አይደል?»

«ኧረ በፍጹም!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ሎሚ ከኪሷ ጠፍቶ አያውቅም። የባቡሩ ቁፋሮ ታክሲውን ሁሉ ባመሰበት በዚያ ዓመት፣ ከሥራ ሲወጡ የፈረንሳይ ሰፈርን ዳገት አብረው በእግር ይወጡት ነበር።

አንድ ቀን ወደ ላብራቶሪው ጨለማ ክፍል ወሰዳትና ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጣት። የእርሾው ሴሎች አረንጓዴ ያበራሉ።

«ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። የሚያበራውን ነገር ግማሽ ግማሹን ለጥፈንባቸዋል። ግማሹ ብቻውን ጨለማ ነው። ሕያው ሴል ውስጥ ሲገናኙ ግን... እይው!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደ እኔና አንቺ። ታገቢኛለሽ?»

«አዎ» አለች፤ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። እንባዋ መጣ።

ስለ ሙከራው በጻፈው ሪፖርት ላይ ስሟን ከስሙ አጠገብ አስገባላት። የላብራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ሕዝቅኤልም በውጤቱ ደስ አላቸው። እሷ ግን ሙከራውን ስትደግመው ሴሎቿ ጨለማ ሆኑባት። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ፣ ለማነጻጸር የእሱን ናሙና አወጣችና የሞተ ሴል ውስጥ ብቻ የሚገባውን ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረገችበት። ያበሩ የነበሩት ሁሉ ሰማያዊ ሆኑ። እርሾ ሲሞት በራሱም ያበራል። ሬሳ ነበር ያሳያት!

ቅዳሜ እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲሄዱ ነገረችው። «ጌዲ፣ ሳታውቅ የሞቱትን ሴሎች ነው ያሳየኸኝ።»

ጌድዮን አልደነገጠም። «አውቃለሁ። ሙቅ ውኃ ውስጥ የከተትኳቸው እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ሕያዎቹ እንደሆነ አያበሩም። ውጤት ከሌለ ኮንትራታችን አይታደስም። በምን ልንጋባ ነው? ደግሞስ ማን ያያል?»

«በሱ ነው እኮ ለትዳር የጠየቅኸኝ!»

«ሴሉ ቢሞት ፍቅሬ አልሞተ...» እያለ እጇን ያዛት።

ያ ስትናፍቀው የኖረችው እጅ እንደ እርሾ ዝቃጭ ዘገነናት። ትወደዋለች፤ መውደዷም ጭምር አስጠላት።

«አትንካኝ! እስከ ሰኞ ለፕሮፌሰሩ ራስህ ንገራቸው።»

አልነገራቸውም። ሰኞ ጠዋት ቀለም የገባበትን ናሙና ለፕሮፌሰሩ ያሳየችው እሷ ናት። ሪፖርቱ ተሰረዘ፤ ጌድዮን ከሥራ ተሰናበተ። እጮኝነታቸውም እዚያው አበቃ።

እሱ በተሰናበተ ማግስት አዲስ እርሾ ልታሳድግ ጠርሙሱን ከፈተች። ሽታው አፍንጫዋን መታት። በልማዷ ሎሚውን ከኪሷ አውጥታ አሸተተችው።

ሆዷ የተገለባበጠው ያኔ ነው። ሎሚውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችና እያለቀሰች ወደ እርሾዋ ተመለሰች።